ምዕራፍ 8፦ ፕሮቲን በቁራኛ

ባለፉት ሁለት ምዕራፎች ፕሮቲንን ለብቻው ነጥለን ስናጠና ቆይተናል። በምዕራፍ 6 ሴሉን ሰብረን የምንፈልገውን ፕሮቲን ከሌላው አጣራን፤ በምዕራፍ 7 ደግሞ በኤሌክትሪክ ኃይል በጄል ውስጥ አስኪደን ክብደቱን ለካን። በሥራው መጨረሻ እጃችን ላይ የቀረው ንጹሕ ፕሮቲን ነው፤ ንጹሕ፣ ግን ብቸኛ።

በሴል ውስጥ ብቻውን የሚውል ፕሮቲን ጥቂት ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ ያስጀምራል፣ አንዱ ሌላውን ያጓጉዛል፣ አንዳንዶቹም አራት አምስት ሆነው ካልተሰባሰቡ ጨርሶ አይሠሩም። ይህ ማኅበር ብዙ ጊዜ የሚጸናው በደካማ መሳሳብ ነው፤ ከሰከንድ ላነሰ ጊዜ ተገናኝተው የሚለያዩም አሉ። ሴሉን ስንሰብር ፈሳሹ ይቀጥናል፣ የጨው መጠኑ ይለወጣል፣ ማኅበሩም ይበተናል። የተረፈውን ደግሞ ጄሉ ላይ ከማኖራችን በፊት የምንጨምረው ሳሙና ይፈታታዋል። ማን ከማን ጋር እንደነበረ የሚያሳየው ማስረጃ የሚጠፋው እንግዲህ እኛው ራሳችን ስንፈልገው ነው።

ታዲያ ፕሮቲኖችን እጅ ከፍንጅ መያዝ የሚቻለው እንዴት ነው? መልሱ ሳይበተኑ በፊት በማይፈታ ትስስር ማቆራኘት ነው። ለዚህ የተሠሩ ትናንሽ ኬሚካሎች አሉ፤ በዚህ ምዕራፍ አቆራኚ እንላቸዋለን።

ሁለት ቀለበት፣ አንድ ሰንሰለት

ቀድሞ በአገራችን ችሎት ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ በቁራኛ ይያዙ ነበር። አንዳንዴ የነጠላቸው ጫፍና ጫፍ ይቋጠራል፤ ነገሩ ሲከብድ የአንዱ ክንድ ከሌላው ክንድ ጋር በሰንሰለት ይታሰራል። ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። በገበያ መካከል የሚያያቸው ሰው ስማቸውን ባያውቅም አንድ ነገር አያጠራጥረውም፤ እነዚህ ሁለቱ ቢያንስ ሰንሰለቱ በተቆለፈባት ደቂቃ አጠገብ ለአጠገብ ነበሩ።

አቆራኚ ኬሚካልም የተሠራው በዚሁ መልክ ነው። በሁለት ጫፉ ክንድ የሚይዝ ቀለበት አለው፤ በመካከሉ ርዝመቱ አስቀድሞ የታወቀ ሰንሰለት አለ። ቀለበቶቹ ከፕሮቲኑ ጋር ኤሌክትሮን የሚጋሩበት ጽኑ ትስስር ይፈጥራሉ፤ ይህን ሳሙናም ሆነ የፈላ ውኃ አይፈታውም። ገበያ ላይ ያሉት አቆራኚዎች በመቶ ይቆጠራሉ፤ ስማቸውም አፍ የሚያስይዝ ነው። ልዩነታቸው ግን በአራት ጥያቄ ያልቃል፦ ቀለበቱ የሚይዘው የትኛውን ክንድ ነው? ሰንሰለቱ ምን ያህል ይረዝማል? መቼ ይቆለፋል? ተመልሶስ ይከፈታል? የምዕራፉ ቀሪ ክፍል እነዚህን አራት ጥያቄዎች በየተራ ይመልሳል።

የሚጨበጥ ክንድ

በምዕራፍ 3 እንዳየነው ፕሮቲን ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች የተሰለፈ ረጅም ረድፍ ነው፤ ረድፉ ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል። ከእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ወደ ጎን የሚወጣ ክንድ አለ። አብዛኞቹ ክንዶች ኬሚካል ቢነካቸው ምላሽ የማይሰጡ ጭምቶች ናቸው። ለአቆራኚ የሚመቹት ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም ሦስቱን ማወቅ ይበቃል።

የመጀመሪያው የላይሲን ክንድ ነው። ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ አሚን የሚባል የናይትሮጅንና የሃይድሮጅን ስብስብ አለ። በተራ ፕሮቲን ውስጥ ከ100 አሚኖ አሲዶች 6 ያህሉ ላይሲን ናቸው። ውኃ ስለሚወዱም አብዛኞቹ ከፕሮቲኑ ገጽ ላይ ወደ ውጭ ተዘርግተው ይገኛሉ። ብዛታቸውና ቦታቸው ተደምሮ የአቆራኚዎች ዋና ዒላማ አድርጓቸዋል። ሁለተኛው ጫፉ ላይ ድኝ ያለው የሲስቴይን ክንድ ነው። ይህኛው ብርቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከሌላ ሲስቴይን ጋር ተጣምሮ ስለሚገኝ ነጻ ሆኖ የሚቀርበው ጥቂቱ ነው። ሦስተኛው የአስፓርቲክና የግሉታሚክ አሲድ ክንድ ነው፤ ጫፉ አሲድ ነው።

ለእያንዳንዱ ክንድ የሚስማማ ቀለበት አለ። ለላይሲን በብዛት የሚሠራበት ኤንኤችኤስ ኤስተር ይባላል፤ አንደርሰን፣ ዚመርማንና ካላሃን የተባሉ አሜሪካውያን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1964 አሚኖ አሲዶችን ለመቀጠል ያስተዋወቁት ነው። ለሲስቴይን ማሌይማይድ አለ። ለአሲዱ ክንድ ደግሞ ኢዲሲ የሚባል ኬሚካል አለ፤ ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን።

ቀለበቱ ክንዱን መያዙ የሚወሰነው በፈሳሹ አሲድነት ነው። የላይሲን ጫፍ በተራ ውኃ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሃይድሮጅን ይዞ ይቀመጣል፤ እሱን ይዞ ሳለ ቀለበቱን አይቀበልም። ፈሳሹ ከአሲድነት እየራቀ ሲሄድ ሃይድሮጅኑን የሚጥሉት ላይሲኖች ይበዛሉ፣ ሥራውም ይፈጥናል። ስለዚህ በኤንኤችኤስ የሚሠሩ ሰዎች የፈሳሹን ፒኤች ከ7.2 እስከ 8.5 ባለው ውስጥ ያኖሩታል። ማሌይማይድ ግን ከ6.5 እስከ 7.5 ሲሆን ድኙን ብቻ መርጦ ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ሲያልፍ ምርጫውን ትቶ ላይሲንንም መያዝ ይጀምራል።

ቀለበቱ አንድ ብቻ የሆነ ኬሚካልም አለ፤ ፕሮቲኑን ከማንም ጋር አያቆራኝም፣ ሌላ ነገር ግን ያሸክመዋል። የሚያበራ ቀለም ብናሸክመው ፕሮቲኑ የት እንዳለ በማይክሮስኮፕ እናያለን። ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን ብናሸክመው ባዮቲንን አጥብቆ በሚይዝ ሌላ ፕሮቲን ጎትተን እናወጣዋለን። ይህ ዘዴ ወደ መድኃኒት ቤትም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 አቡቾውስኪና ዴቪስ በአሜሪካው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ፔግ የሚባል ውኃ ወዳድ ረጅም ሞለኪውል ፕሮቲን ላይ ሲተክሉ፣ ፕሮቲኑ በደም ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ እንደሚረዝምና የሰውነት መከላከያም እንደ ባዕድ የሚያይበት መጠን እንደሚቀንስ አሳዩ። በዚሁ መንገድ የተዘጋጀ የመጀመሪያው ኢንዛይም፣ ያለ በሽታ መከላከያ አቅም ለሚወለዱ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ1990 ተፈቀደ።

ከብልቃጡ እስከ ጄሉ

እስቲ አንድ ሙከራ ከአጠገቡ ቆመን እንየው። የምንጠቀመው አቆራኚ ዲኤስኤስ ይባላል፤ ሁለቱም ጫፎቹ ኤንኤችኤስ ናቸው፣ መካከሉ ስምንት ካርቦን ነው፣ የሰንሰለቱ ርዝመት 1.14 ናኖሜትር ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል።

ነጩ ዱቄት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ተቀምጦ ከርሟል። ብልቃጡን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ወዲያው መክፈት የጀማሪ ስሕተት ነው፤ የክፍሉ አየር እርጥበት በቀዝቃዛው ዱቄት ላይ ጤዛ ይሆንበታል። ውኃ ደግሞ የዚህ ሥራ ቀንደኛ ባላጋራ ነው፤ ላይሲን እስኪመጣ ሳይጠብቅ ቀለበቱን ራሱ ይይዘውና ያመክነዋል። ፒኤቹ 7 ሆኖ በረዶ ላይ በተቀመጠ ፈሳሽ ውስጥ ግማሹ ቀለበት ለመምከን አራት አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ፒኤች 8.6 ላይ ግን ቅዝቃዜም አያድነው፣ 10 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ብልቃጡ እንደተዘጋ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠበቃል። ከዚያ ዱቄቱ ውኃ በሌለው ዲሜቲል ሰልፎክሳይድ ይሟሟል፤ የሚሟሟውም ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ነው፣ የተረፈው ለነገ አይሆንም።

ቀጥሎ ፕሮቲኑ ያለበት ፈሳሽ ይታያል። ባዮሎጂስቶች ፒኤች ለመጠበቅ አዘውትረው የሚጠቀሙበት ትሪስ የሚባል ኬሚካል ራሱ አሚን አለው። ፕሮቲኑ በትሪስ ውስጥ ከተቀመጠ ቀለበቶቹ በሙሉ በትሪስ ተይዘው ያልቃሉ፤ ተማሪውም ምሽቱን አምሽቶ ባዶ ውጤት ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ፕሮቲኑ አስቀድሞ አሚን ወደሌለው የፎስፌት ፈሳሽ ይዛወራል። ነገር ግን ያው ትሪስ በመጨረሻ ይፈለጋል። ዲኤስኤሱ ከፕሮቲኑ በ20 ወይም በ50 እጥፍ በሚበልጥ የሞለኪውል ቁጥር ይጨመራል፣ 30 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፣ ከዚያ ትሪስ ሲፈስበት የቀሩትን ቀለበቶች ሁሉ ይዞ ሥራውን በአንድ ጊዜ ያቆመዋል። ሳይታሰብ ከተገኘ ሥራ የሚያበላሸው ነገር፣ ታስቦበት ሲመጣ መዝጊያ ሆነ ማለት ነው።

በመጨረሻ ሁሉም በሳሙና ተቀቅሎ ጄል ላይ ይወጣል። ያልተቆራኙት ፕሮቲኖች እንደተለመደው ይፈታታሉ፤ የተቆራኙት ግን እንደ አንድ አካል አብረው ይጓዛሉ፣ ስለሚከብዱም ወደ ኋላ ይቀራሉ።

ይህን አመክንዮ በጥራት ያሳዩት ዴቪስና ስታርክ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት። የተጠቀሙበት አቆራኚ የቀለበቱ ዓይነት ቢለይም እንደ ዲኤስኤስ በላይሲን ላይ የሚሠራ፣ መካከሉም ስምንት ካርቦን ነበር። ከመረመሯቸው አንዱ ስኳርን ለሁለት የሚሰነጥቀው አልዶሌዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። አልዶሌዝ ሳይቆራኝ ጄል ላይ ሲወጣ አንድ መስመር ብቻ ይሰጣል፣ በ40 ኪሎዳልተን አካባቢ። ተቆራኝቶ ሲወጣ ግን ዋና ዋናዎቹ መስመሮች አራት ሆኑ፤ ክብደታቸውም የመጀመሪያው አንድ እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍና አራት እጥፍ። አምስተኛ የለም። ኢንዛይሙ በተፈጥሮው አራት ሆኖ የሚሠራ ማኅበር መሆኑን ጄሉ ላይ መስመር በመቁጠር ብቻ ማወቅ ተቻለ።

አምስተኛው መስመር ያልታየው ፈሳሹ ቀጭን ስለነበረ ነው። ፕሮቲኑ ቢወፍር ኖሮ አራቱ አባላት ከሌላ ማኅበር አባላት ጋር እየተጋጩ ያለ ቤታቸው ይቆራኙ ነበር። ይህን እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ በምዕራፉ መጨረሻ ያስፈልገናል።

ርዝመቱ የሚነግረን

ሁለት ላይሲኖች በዲኤስኤስ ከተቆራኙ በመካከላቸው ያለው ርቀት ገደብ አለው። ሰንሰለቱ 1.14 ናኖሜትር ነው፤ የእያንዳንዱ ላይሲን ክንድ ከ0.6 ናኖሜትር ብዙም አይርቅም። ሲደመር 2.4 ናኖሜትር ያህል ይሆናል። ፕሮቲን ግን ድንጋይ አይደለም፣ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች ከክንዱ ሥር እስከ ክንዱ ሥር 3 ናኖሜትር ገደማ ድረስ ይቀበላሉ። ከዚያ የራቁ ሁለት ላይሲኖች ሰንሰለቱ ስለማይደርስባቸው አይቆራኙም።

ከዚህ የተነሣ አቆራኚ ሁለት ፕሮቲኖች ጎረቤት መሆናቸውን ከመናገር አልፎ መለኪያ ሆነ። ዘዴው ይህ ነው። የተቆራኘው ፕሮቲን ትሪፕሲን በሚባል ኢንዛይም ይቆራረጣል፤ ከቁርጥራጮቹ መካከል ሁለቱ ገና በሰንሰለቱ እንደተያያዙ ይቀራሉ። ክብደታቸው በማስ ስፔክትሮሜትር ሲለካ የትኛው ላይሲን ከየትኛው ላይሲን ጋር እንደተያዘ ይታወቃል። በአንድ ሙከራ እንዲህ ያሉ በርካታ ጥንዶች ሲሰበሰቡ፣ ማኅበሩ ውስጥ የትኛው ፕሮቲን በየትኛው ጎኑ ወደማን እንደዞረ ያመለክታሉ። ዛሬ የፕሮቲንን ቅርጽ በኮምፒውተር የሚተነብዩ ፕሮግራሞች የሚያቀርቡትን ምስል ለመፈተንም ይረዳል፤ ምስሉ ላይ 6 ናኖሜትር የተራራቁ ሁለት ላይሲኖች በዲኤስኤስ ተቆራኝተው ከተገኙ፣ ወይ ምስሉ ተሳስቷል ወይ ፕሮቲኑ ሌላ ቅርጽም ይይዛል።

ሰንሰለት የሌለው ማቆራኘትም አለ። ቅድም ስሙን የጠቀስነው ኢዲሲ የአሲዱን ክንድ ያነቃና ከላይሲን ጋር በቀጥታ ያጋጥመዋል፤ ራሱ ግን በመካከላቸው አይቀርም። በመካከል የሚገባ ሰንሰለት ስለሌለ የሚያዙት የተነካኩት ብቻ ናቸው። ፎርማልዴሃይድም ለዚህ ይቀርባል፤ አንድ ካርቦን ብቻ ስለሆነ ድልድዩ እጅግ አጭር ነው። ፈርዲናንድ ብሉም የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1893 ይህ ኬሚካል የሰውነት ሥጋን እንደሚያጠነክርና እንዳይበላሽ እንደሚያደርግ ጽፏል፤ መጀመሪያ የተገነዘበውም የራሱ ጣቶች ቆዳ ሲደድርበት ነው ይባላል። የሆስፒታል ፓቶሎጂ ክፍል ዛሬም ከታማሚ የተወሰደውን ናሙና ፎርማሊን ውስጥ፣ ማለትም ፎርማልዴሃይድ በሟሟበት ውኃ ውስጥ፣ የሚነክረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ ተቆራኝተው ባሉበት እንዲቀሩ።

መቼ ይቆለፍ? በምን ይከፈት?

ዲኤስኤስ ፈሳሹ ውስጥ እንደገባ ሥራውን ይጀምራል፤ ደቂቃዎችን ስለሚወስድም በዚያ ጊዜ የመጣው የሄደው ሁሉ ይያዛል። የአንዲትን ቅጽበት ሁኔታ ለሚፈልግ ተመራማሪ ይህ ብዙ ነው። መፍትሔው በብርሃን የሚቆለፍ ቀለበት ነው። መንገዱን የጠረጉት የሃርቫርዱ ፍራንክ ዌስትሃይመርና ባልደረቦቹ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1962። ዛሬ ከሚሠራባቸው አንዱ ዲያዚሪን በጨለማ ዝም ብሎ ይቀመጣል። 350 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲበራበት ናይትሮጅኑን ይለቅና በዚያች ቅጽበት አጠገቡ ካገኘው ነገር ጋር ይያያዛል፤ ጭምት ያልናቸውን ክንዶች ሳይቀር። ማንንም ካላገኘ ውኃ ይይዘዋል፣ ያበቃለታል።

መክፈቻውም የራሱ ጥበብ አለው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሎማንትና ፌርባንክስ ዲኤስፒ የሚባል አቆራኚ አስተዋወቁ። ጫፎቹ ከዲኤስኤስ ጋር አንድ ናቸው፤ መካከሉ ላይ ግን ሁለት የድኝ አቶሞች ተያይዘው ይገኛሉ፣ እነሱን የሚለያይ ኬሚካል ሲጨመር ሰንሰለቱ ለሁለት ይከፈላል። ጥቅሙ ትልቅ ነው። ፕሮቲኖቹ ይቆራኛሉ፣ ማኅበሩ እንዳለ ተጎትቶ ይወጣል፣ ከዚያ ሰንሰለቱ ሲከፈት እያንዳንዱ አባል በየራሱ ክብደት ይታወቃል።

በ1970ዎቹ ሮበርት ትራውትና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ በድኝ የሚከፈት ማቆራኛ ይዘው ወደ ራይቦዞም ዞሩ። በምዕራፍ 4 ፕሮቲን የሚሠራበት ፋብሪካ ያልነው ነው። የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ራይቦዞም ትንሹ ክፍል ብቻ 21 ፕሮቲኖች አሉት፤ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ አይታወቅም ነበር። የተቆራኙትን ፕሮቲኖች አንድ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ጄል ላይ አስኬዷቸው፤ ሰንሰለቱን ከፈቱና እንደገና ወደ ጎን አስኬዷቸው። ያልተቆራኘ ፕሮቲን በሁለቱም ጉዞ እኩል ስለሚሄድ በሰያፍ መስመር ላይ ይሰለፋል። ተቆራኝቶ የነበረው ግን በሁለተኛው ጉዞ ስለሚቀል ከሰልፉ ወጥቶ ይታያል፤ ከእሱ ጋር ተይዞ የነበረውም በዚያው ረድፍ ላይ አብሮት ይገኛል። የራይቦዞም ዝርዝር ምስል በኤክስሬይ ከመገኘቱ ከሃያ ዓመት በላይ አስቀድሞ የጎረቤታሞቹ ዝርዝር እንዲህ ይሰበሰብ ነበር።

ሁለት ጫፉ የማይመሳሰል ሰንሰለት

እስካሁን ያየናቸው አቆራኚዎች ሁለት ጫፋቸው ተመሳሳይ ነው። ለምርመራ ይህ ይበቃል። አንድን የተወሰነ ነገር ከሌላ የተወሰነ ነገር ጋር ማያያዝ ሲፈለግ ግን አያዋጣም፤ ፕሮቲን ሀ ከፕሮቲን ለ ጋር እንዲያዝ ፈልገን ሀ ከሀ፣ ለ ከለ ጋር ተቆራኝቶ ድፍርስ ዝቃጭ እናገኛለን። ስለዚህ አንዱ ጫፍ ላይሲንን፣ ሌላው ድኝን ብቻ የሚይዝ ሰንሰለት ተሠራ። ሥራው በሁለት ደረጃ ይሄዳል፤ መጀመሪያ በአንዱ ጫፍ ይያዛል፣ የተረፈው ታጥቦ ይወገዳል፣ ከዚያ ሁለተኛው ይጨመራል።

በጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ያለው ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን የተገጣጠመው በዚህ ዓይነት ነው። ትራስቱዙማብ የሄር2 ፕሮቲን በገጻቸው የበዛባቸውን የካንሰር ሴሎች ፈልጎ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ኤምታንሲን የሚለው የስሙ ክፍል ደግሞ የተጫነበትን መርዝና የሰንሰለቱን ክፍል ያመለክታል፤ መርዙ ለብቻው ቢሰጥ ሰውነት የማይችለው ነው። የሰንሰለቱ አንዱ ጫፍ የፀረ እንግዳ አካሉን ላይሲን ይይዛል፣ ሌላው የመርዙን ድኝ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2013 ፈቀደው። በአንድ ፀረ እንግዳ አካል ላይ በአማካይ 3.5 የመርዝ ሞለኪውል ይጫናል። አማካይ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ላይሲኖቹ ብዙ ስለሆኑ ሰንሰለቱ የትኛው ላይ እንደሚውል በዕጣ ነው። አንዱ ምንም ሳይጫንበት፣ ሌላው ስድስት ሰባት ተጭኖበት በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ይገኛሉ። የዛሬ መሐንዲሶች ይህን ዕጣ ለማስቀረት ሰንሰለቱ የሚውልበትን ክንድ አስቀድመው በመወሰን ላይ ይሠራሉ።

ክትባት ውስጥ ያለው ቁራኛ

አንባቢ ይህን ኬሚስትሪ በራሱ ወይም በልጁ ክንድ ተወግቶት ሊሆን ይችላል። በመንጋጋ ቆልፍ እንጀምር። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ ነው፤ መርዙም ፕሮቲን ነው። የፓስተር ኢንስቲትዩቱ ጋስቶን ራሞን በ1920ዎቹ መጀመሪያ የሌላ በሽታ፣ የዘጊ አናዳን መርዝ በፎርማሊንና በመጠነኛ ሙቀት ለሳምንታት ሲያቆየው መርዝነቱ ጠፍቶ ክትባትነቱ ቀረ። በኋላ መንጋጋ ቆልፍም በዚሁ መንገድ ክትባት አገኘ። ፎርማልዴሃይዱ የመርዙን ክንዶች እርስ በርስ አቆራኝቷቸዋል፤ መርዙ መሥራት አይችልም፣ የሰውነት መከላከያ ግን መልኩን ያውቀዋል።

ሁለተኛው ታሪክ ወደ አገራችን የቀረበ ነው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ በኤ ዓይነት ባክቴሪያ ሲታመስ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ1997 በተነሣው ወረርሽኝ ብቻ ከ250,000 በላይ ሰው ታሞ 25,000 ያህል ሞቷል። ባክቴሪያው የተለበደው በስኳር ነው፤ ክትባቱ ከስኳሩ ብቻ ሲሠራ ግን የሕፃናት ሰውነት አይቀበለውም፣ ትልልቆቹም ቶሎ ይረሱታል። ስኳሩ ከፕሮቲን ጋር ከተቆራኘ ሰውነት አጥብቆ እንደሚያስታውሰው አቬሪና ጎብል በኒው ዮርክ ሮክፌለር ኢንስቲትዩት በ1930 አካባቢ በእንስሳት አሳይተው ነበር።

ችግሩ ዋጋው ነበር። በአሜሪካ መንግሥት ላቦራቶሪ ውስጥ ሊና ፍራሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ርካሽና ፈጣን የማቆራኛ መንገድ አዘጋጁ። የራሞን ልጅ የሆነው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ፕሮቲን የአሲድ ክንዶቹ በኢዲሲ ተነቅተው ሃይድራዚን የሚባል የናይትሮጅን ውሕድ ይያያዝባቸዋል፤ ስኳሩም በሌላ ኬሚካል ተሰንጥቆ ሃይድራዚኑን የሚይዝ ጫፍ ይወጣለታል። ሁለቱ ሲደባለቁ ይያያዛሉ። ክትባቱን በብዛት ያመረተው የሕንዱ ሴረም ኢንስቲትዩት ነው፤ የአንዱ መርፌ ዋጋም ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሆነ። ሜንአፍሪቫክ ተብሎ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 በቡርኪና ፋሶ፣ በማሊና በኒጀር መሰጠት ጀመረ፤ ከ2013 ጀምሮ ዘመቻው ኢትዮጵያም ደረሰ። ከ2017 ወዲህ በቀበቶው ውስጥ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ የኤ ዓይነት ሕመምተኛ አልተገኘም። ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ከሚወስዱት ፔንታቫለንት ክትባት ውስጥም አንዱ ክፍል እንዲሁ ስኳርና ፕሮቲን ተቆራኝተው የተሠራ ነው።

ቁራኛ የማይመሰክረው

በችሎት ሁለት ሰዎች የሚቆራኙት በመካከላቸው ሙግት ስላለ ነው። በብልቃጥ ውስጥ ግን ሰንሰለቱ ሙግት አይጠይቅም፤ በርዝመቱ ልክ የደረሰበትን ይይዛል። ሁለት ፕሮቲኖች ተቆራኝተው ሲገኙ ማስረጃው አጠገብ ለአጠገብ ነበሩ ማለት ብቻ ነው፤ አብረው ይሠራሉ ለማለት ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። መንገደኛም ይያዛል። ዴቪስና ስታርክ ፈሳሹን ያቀጠኑት መንገደኛው እንዲቀንስላቸው ነበር። ጠንቃቃ ተመራማሪ ዛሬም አቆራኚውን ከትንሽ መጠን ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ያያል፤ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የሌለው ፕሮቲንም ሆን ብሎ ጨምሮ አብሮ መያዙንና አለመያዙን ይፈትሻል።

አለመያዝም መልስ አይደለም። ሁለት ፕሮቲኖች ተቃቅፈው ሳለ በሚነካኩበት ቦታ ላይሲን ላይኖራቸው ይችላል፤ ወይም ላይሲኖቹ ሰንሰለቱ ከሚደርሰው በላይ ተራርቀው ይሆናል፤ ወይም አንዱ ቀለበት ክንድ ይዞ ሌላውን ውኃ ያመክነዋል። ይህ የመጨረሻው በየሙከራው የሚያጋጥም ነው፤ አብዛኛው ሰንሰለት በአንድ ጫፉ ተይዞ በሌላው ባዶውን ይንጠለጠላል።

ብዛትም የራሱ ጉዳት አለው። ኤንኤችኤስ የያዘው ላይሲን ይዞት የነበረውን አዎንታዊ ሙል ያጣል። ጥቂቶች ቢያጡ ፕሮቲኑ ይችለዋል፤ ሲበዛ ግን ቅርጹ ይዛባል፣ ሥራው ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ የምናጠናው ሴል ውስጥ የነበረውን ፕሮቲን ሳይሆን እኛ የሠራነውን ነው።

እንግዲህ አንድ ጽሑፍ «ሁለቱ ፕሮቲኖች እንደሚገናኙ በማቆራኘት ተረጋገጠ» ሲል፣ አንባቢ ባለሙያ መሆን ሳያስፈልገው የሚጠይቀው አለው። የተያዘው ክንድ የትኛው ነው? ሰንሰለቱ ስንት ናኖሜትር ነው? ስንት ደቂቃ ቆየ፣ በምን መጠን? መንገደኛው እንዳልተያዘ በምን ታወቀ? ለእነዚህ መልስ ያለው ጽሑፍ ሊታመን ይችላል፤ የሌለው ገና አላስረዳም። በሚቀጥለው ምዕራፍ የተቆራኙትን ቁርጥራጮች ክብደት የሚለካውን ማስ ስፔክትሮሜትር ከፍተን እናያለን፤ ከጥንዶቹ መካከል የትኞቹ እውነተኛ፣ የትኞቹ የአጋጣሚ መሆናቸውን በቁጥር የሚለይበትን ስሌትም እዚያው እንሠራለን።